ዓይን ከኳሱ ሳይነቀል፦ ድፍረትና ቻይነት በአውስትራሊያ ፉትቦል

የአውስትራሊያ ፉትቦል፣ አገሬው በአጭሩ «ፉቲ» የሚለው፣ የእንቁላል ቅርጽ ባለው ኳስ የሚካሄድ ጨዋታ ነው። ሜዳው ሞላላ ነው፤ ርዝመቱ ከ135 እስከ 185 ሜትር ይደርሳል። ከእያንዳንዱ ወገን 18 ሰው ይሰለፋል። ኳሱ በእግር ይመታል፣ በእጅም ይያዛል። ኦፍሳይድ የሚባል ነገር የለም። ተጋጣሚ ከፊትም፣ ከጎንም፣ ከጀርባም ሊመጣ ይችላል። ከጥርስ መከላከያ ላስቲክ በቀር አብዛኛው ተጫዋች ሌላ መከላከያ አያደርግም። ድፍረት በዚህ ጨዋታ ውስጥ ትልቅ ቦታ የያዘውም ለዚህ ነው።

ሜልበርን የሚኖር ሐበሻ ፉትስክሬይን ያውቀዋል። እንጀራና ቡና ፍለጋ የሚኬድበት ሰፈር ነው። ከምግብ ቤቶቹ ወጥቶ በባርክሊ ጎዳና ወደ ምዕራብ በእግሩ የሄደ ሰው ዊተን ኦቫልን ያገኛል። ደጁ ላይ የቀድሞው ታላቅ ተጫዋች የቴድ ዊተን ሐውልት ቆሟል። ይህ የዌስተርን ቡልዶግስ ቤት ነው። ክለቡ እስከ 1996 ድረስ ስሙም ፉትስክሬይ ነበር (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከታች ስለዚህ ክለብ በሰፊው ቢወራ ምክንያት አለው። ለዚህ ርዕስ ከእሱ የተሻለ ምስክር ማግኘት ይከብዳል።

ተጫዋቾች ድፍረትን የሚለኩት በዋናነት በሁለት ነገር ነው። አንደኛው መሬት ላይ ያለ ኳስ ነው። ሁለት ሰዎች ከሁለት አቅጣጫ እየሮጡ ይመጣሉ። ቀድሞ ጎንበስ ያለው ጭንቅላቱን ለግጭት አሳልፎ ይሰጣል። «ራሱን ኳሱ ላይ አደረገ» ከተባለለት ትልቅ ምስጋና ነው።

ሁለተኛው ከዚህም ይከፋል። ኳሱ ከሩቅ ተመትቶ በአየር ይመጣል። ተጫዋቹ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ኳሱ በሚሄድበት አቅጣጫ ይሮጣል። ከወዲያኛው በኩል ሌላ ሰው በሙሉ ፍጥነት እየመጣበት ነው። አያየውም። የእግሩን ኮቴና የተመልካቹን ጩኸት ግን ይሰማል። ለአንድ አፍታ ቀና ብሎ ቢያይ ኳሱ ያመልጠዋል። ካላየ ደግሞ የጎን አጥንቱ ክፍት ነው። በሳምንቱ ቪዲዮው ሲታይ ጓደኞቹ የሚፈልጉት ያቺን ቅጽበት ነው። ዓይኑ ተነቀለ ወይስ አልተነቀለም? እርምጃው አጠረ ወይስ አላጠረም? የሴንት ኪልዳው ኒክ ሪቮልት በ2004 ሲድኒ ላይ እንዲህ አድርጎ የያዘው ኳስ እስከ ዛሬ ለልጆች ማስተማሪያ ይሆናል። የብሪስቤኑ ጆናታን ብራውን በ2002 የያዘውም እንዲሁ። ብራውን ፊቱ በተደጋጋሚ ተሰብሮ፣ በመጨረሻም በ2014 በጭንቅላት ጉዳት ጨዋታ አቁሟል።

የተጫዋቾች ማኅበር በሮበርት ሮዝ ስም በየዓመቱ የደፋር ተጫዋች ሽልማት ይሰጣል። ድምፅ የሚሰጡት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ናቸው። የኖርዝ ሜልበርኑ ግሌን አርቸርና የጂሎንጉ ጆኤል ሴልውድ ደጋግመው ወስደውታል። ሴልውድ ግንባሩ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ደም በጉንጩ እየወረደ ሲጫወት ማየት የተለመደ ነበር። ክንዱን ወደ ላይ ገፋ እያደረገ ሆን ብሎ አንገቱ እንዲያዝና ቅጣት ምት እንዲያገኝ ያደርጋል የሚሉም ነበሩ። ይህ ሳያከራክር አይቀርም።

የመጀመሪያው ሕግ የተጻፈው በ1859 ሜልበርን ውስጥ ነው። ሮጦ የሚመጣን ሰው መግፋትና ጠልፎ መጣል ፈቅዶ፣ ቅልጥም መርገጥን ግን ከልክሏል። በ1945 ካርልተንና ሳውዝ ሜልበርን ያደረጉት የፍጻሜ ጨዋታ በድብድቡ ብዛት «ደም መፋሰሱ» እየተባለ ይጠራል። ሜዳውም የካርልተኑ ፕሪንስስ ፓርክ ነበር።

የ1975ቱ ግን በአንድ መስመር አይታለፍም። ኒል ሳክሲ ከሰሜን አዴሌድ ወደ ፉትስክሬይ መጥቶ ሁለተኛ ጨዋታውን እያደረገ ነበር። ቦታው ይኸው ዛሬ ዊተን ኦቫል የሚባለው ሜዳ ነው። ኳስ ሊያነሳ ጎንበስ እንዳለ ከፊትዝሮይ ተጫዋች ጋር ተጋጨ። አንገቱ ተሰበረ። ከዚያች ቀን በኋላ እጅና እግሩ አልታዘዙለትም። ሳክሲ ግን ቤቱ አልተቀመጠም። ለሕብለ ሰረሰር ጉዳት ምርምር ገንዘብ የሚያሰባስብ ተቋም በስሙ አቋቁሞ በ2020 እስኪሞት ድረስ ለዚያ ሠራ። «ራስን ኳሱ ላይ ማድረግ» የሚለው ምስጋና ምን ያህል ውድ ዋጋ እንዳለው ፉትስክሬይ ከማንም በላይ ያውቃል።

በ1980 የሪችመንዱ ፍራንሲስ ቡርክ ፊቱ በደም ተሸፍኖ ማየት ሲቸግረው ከተከላካይነት ወደ አጥቂነት ተዛወረ። ከዚያም ኳስ ይዞ ጎል አገባ። ዛሬ የሚደማ ተጫዋች ወዲያው ከሜዳ እንዲወጣ ሕጉ ያስገድዳል።

ስለ ቻይነት ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው የ1989 የፍጻሜ ጨዋታ ነው፤ ሃውቶርን ከጂሎንግ። የመክፈቻው ኳስ ነጥሮ ገና ሳይወርድ የጂሎንጉ ማርክ ዬትስ ከሩቅ ተንደርድሮ የሃውቶርኑን ዴርሞት ብሬርተን ገጨው። ብሬርተን የጎን አጥንቱ ተሰበረ፣ ኩላሊቱም ተጎዳ። ተንበርክኮ አስመለሰ። ሐኪምና ወጌሻ ይዘው ሊያስወጡት ሲሉ እምቢ አለ። እያነከሰ ወደ ጎሉ ሄደ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ኳስ በእጁ ይዞ ጎል አስቆጠረ። የቡድኑ ጓደኛ ሮበርት ዲፒየርዶሜኒኮ ደግሞ ከጋሪ አብሌት ጋር ተጋጭቶ የጎን አጥንቱ ተሰብሮ ሳንባውን ወጋው። እሱም እስከ መጨረሻው ተጫወተ፤ ከዚያ በቀጥታ ሆስፒታል ገባ። አብሌት በዚያ ቀን ብቻውን 9 ጎል አግብቷል። ሃውቶርን 144 ለ 138 አሸነፈ (አንድ ጎል 6 ነጥብ ነው)። በ2003 የብሪስቤኑ ናይጀል ላፒንም በተሰበረ የጎን አጥንት የፍጻሜ ጨዋታ ተጫውቶ ዋንጫ ወስዷል።

አሁን ወደ 2016። ቡልዶግስ ከ1954 ወዲህ ዋንጫ አላየም ነበር። 62 ዓመት። አምበሉ ቦብ መርፊ በሦስተኛው ሳምንት ጉልበቱ ተበጥሶ ዓመቱን ሙሉ ከዳር ተቀመጠ። ክሌይ ስሚዝ ጉልበቱን ሦስት ጊዜ በቀዶ ሕክምና አስጠግኖ የተመለሰ ልጅ ነው። ጓደኛው በሞተበት ሳምንት በግማሽ ፍጻሜው 4 ጎል አገባ። በ6 ነጥብ ብልጫ አለፉ።

በፍጻሜው ተጋጣሚው ሲድኒ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ቀርተውታል። ልዩነቱ ጠባብ ነው። ኳሱ የሲድኒው ላንስ ፍራንክሊን እጅ ገባ። ፍራንክሊን ከዘመኑ ሁሉ አስፈሪው አጥቂ ነው። የ33 ዓመቱ ዴል ሞሪስ ከኋላው ደርሶ ጥምጥም አለበትና ይዞት ወደቀ። ኳሱ አፈትልኮ ቶም ቦይድ ጋ ደረሰ። ቦይድ ከሩቅ መታው። ኳሱ ነጠረ፣ ተንከባለለ፣ ገባ። ሞሪስ ያንን ሁሉ የማጣሪያ ጨዋታ የተጫወተው የአከርካሪ አጥንቱ ሁለት ቦታ ተሰንጥቆ መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። ሲድኒዎች 20 ለ 8 የሆነውን የቅጣት ምት ቁጥር እየጠቀሱ በዳኝነቱ እስከ ዛሬ ያማርራሉ። የሞሪስ አያያዝ ግን ንጹሕ ነው። ውጤቱም 89 ለ 67 ሆነ። አሰልጣኙ ሉክ ቤቨሪጅ መርፊን መድረክ ላይ ጠርቶ የራሱን ሜዳሊያ አውልቆ አንገቱ ላይ አጠለቀለት።

ቦይድ በቀጣዩ ዓመት በአእምሮ ጤና ምክንያት እረፍት እንደሚወስድ በግልጽ ተናገረ። በ2019 ገና በ23 ዓመቱ ጨዋታ አቆመ። ሰፈሩ ይህንንም ከድፍረት ይቆጥርለታል። ልክ ነው።

ከሰውነት መሰበር ውጭ ያለ ድፍረትም አለ። ሚያዝያ 1993 የሴንት ኪልዳው አቦርጂናል ተጫዋች ኒኪ ዊንማር ኮሊንግውድ ሜዳ ላይ ቀኑን ሙሉ በዘሩ ሲሰደብ ዋለ። ጨዋታው በድል ሲያልቅ ማሊያውን ገልጦ ጥቁር ቆዳውን በጣቱ አሳየ። ፎቶው አገር ያውቀዋል። ሊጉ የዘር ስድብን የሚቀጣ ሕግ ያወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ለዚያ መነሻ የሆነው የኤሰንደኑ ማይክል ሎንግ ያቀረበው አቤቱታ ነበር።

ለፉትስክሬይ 321 ጨዋታ ያደረገው ዊተን ደግሞ በሰኔ 1995 በሜልበርን ክሪኬት ግራውንድ በመኪና ዞረ። ካንሰሩ ዓይኑን አጥፍቶት ነበር። ልጁ አጠገቡ ሆኖ ደግፎታል። ዊተን የማያየውን ሕዝብ በጩኸቱ አቅጣጫ እየዞረ በእጁ ሰላም ይል ነበር። በነሐሴ አረፈ።

ከ2020 ወዲህ የድፍረት ትርጉም መቀየር ጀምሯል። በ2019 ያረፈው ታላቁ ግርሃም «ፖሊ» ፋርመር አንጎሉ ሲመረመር በተደጋጋሚ ምት የሚመጣው ሲቲኢ የተባለ በሽታ ተገኘበት። ከሊጉ ተጫዋቾች የመጀመሪያው እሱ ነው። ቀጥሎ ዳኒ ፍራውሊ፣ ከዚያም ሼን ታክ። በ2022 በ28 ዓመቷ የሞተችው ሄዘር አንደርሰን ለአዴሌድ በሴቶች ሊግ ዋንጫ የወሰደች የጦር ሠራዊት ሕክምና ባለሙያ ነበረች። በ2023 ሲቲኢ የተገኘባት በዓለም የመጀመሪያዋ ፕሮፌሽናል ሴት ስፖርተኛ ሆነች። ስትጫወት ደማቅ ሮዝ የራስ መከላከያ ታደርግ ነበር። እናቷ የማየት ችግር ስላለባቸው ሜዳ ላይ እንዲለዩዋት ብላ ነው።

በዚያው ዓመት መስከረም የኮሊንግውዱ ብሬደን ሜይናርድ ኳስ ለማገድ ዘሎ ሲወርድ ትከሻው የሜልበርኑን አንገስ ብሬሾ ጭንቅላት መታ። ችሎቱ ሜይናርድን ነጻ አደረገው። ጥፋት ነበር አልነበረም፣ ሰው እስካሁን አልተስማማም። ሕጉ ግን ወዲያው ተጠናከረ። ብሬሾ በየካቲት 2024 በሐኪም ምክር ጨዋታ አቆመ።

አሁን ጭንቅላቱ የተናወጠ ተጫዋች ቢያንስ 12 ቀን ከጨዋታ ይርቃል። ይህ በ2021 የገባ ደንብ ነው። ወደ ሜዳ መመለስ አለመመለሱን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ተጫዋቹ «ደህና ነኝ» ቢልም አይሰማም።