ሪዘርቭ ምንድን ነው?

«ሪዘርቭ ማለት እኮ ለመምህራን የተደበቀ መጽሐፍ ነው።»

ሰሞኑን ደሴ ላይ፣ ቡና ተፈልቶ በተቀመጥንበት፣ አንድ የተማረ ሰው እንዲህ ሲል ሰማሁ። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ትቻለሁ። እኔ ደግሞ እንጀራዬ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ዝም ማለት አቃተኝ። ሪዘርቭ የሚባለው መምህሩ ለኮርሱ ያዘዘው፣ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጦ ለሰዓታት ብቻ የሚሰጥ የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ነው።

ረከቦቱን እየው አልኩት። ሲኒው ስድስት ነው፣ ሰዉ አሥራ አምስት። ጠጥተህ ትመልሳለህ፣ ይለቀለቃል፣ ለሌላው ይቀዳል። ሲኒውን ይዘህ ቤትህ ብትገባ ጎረቤት ምን ሊጠጣ ነው? ለሠርግ የምናውሰው ድስት ግን ሌላ ነው። ሄዶ ሳምንት ቢከርም ማንም አይጎዳም። ተራው ውሰት ድስቱ ነው፤ ሪዘርቭ ሲኒው። ሲኒውን ይዞ ወሬ የሚያስረዝም እንግዳም አይጠፋም። ለዚህ ነው ቅጣቱ በብዙ ቦታ በቀን ሳይሆን በሰዓት የሚቆጠረው። ይህ የሚያስመርረው ካለ የጥንቱን ብራና ያስታውስ፤ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ ውጉዘ ይኩን»፣ የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን፣ ተብሎ ነበር የሚጻፍበት። የኛ ቅጣት ብር ብቻ ነው።

«ታዲያ ለምን መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም?» አለኝ። እሺ፣ እናስላው። አምስት ኮፒ አለ፣ ተማሪው 60 ነው እንበል። ለሁለት ሁለት ሳምንት ብናውሰው በ16 ሳምንት ሴሚስተር 40 ሰው ያገኘዋል፤ 20ው ሳያየው ይፈተናል። የመጨረሻዎቹም የሚያገኙት ፈተናው ሲደርስ ነው። ለሁለት ሁለት ሰዓት፣ በቀን 12 ሰዓት ቢሠራ ግን በቀን 30 ሰው። ሁሉም በሁለት ቀን አነበቡት ማለት ነው። መደበቅ ይሄ ነው?

ሪፈረንስ ደግሞ ሌላ ነው፣ አትቀላቅሉብኝ። መዝገበ ቃላትና ኢንሳይክሎፒዲያ ፈላጊ ኖረም አልኖረም አይወጣም። ሪዘርቭ የሚገባው መምህሩ ለኮርሱ ስላዘዘውና ፈላጊ ስለበዛበት ነው። ማታ ወስዶ ጠዋት መመለስም የሚፈቀድበት ቦታ አለ። «ሪዘርቭ አድርጉልኝ» ብሎ ሌላ ሰው ለወሰደው መጽሐፍ ተራ የሚያሲዝም ይመጣል። እሱ ሆልድ ነው። እርግጥ ስሙን ያምታቱት ራሳቸው የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌሮቹ ናቸው፤ በዚህ ተማሪው ላይ አልፈርድም።

«ሁለት ሰዓት ምን ትበቃለች፣ ሙሉውን ኮፒ አስደርጌ ልገላገል» የሚሉም አሉ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቤተ መጻሕፍት ለጠያቂ አጭር ክፍል እንዲያባዛ ይፈቅዳል እንጂ ጥራዙን አይደለም። አንድ ምዕራፍ፣ አብሽር። ከዚያ በላይ እኔን አትጠይቁኝ።

ለሰውዬው ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። በቡና ላይ መሸነፍ አልፈለግኩም። ሪዘርቭ ዕድሜ አለው፤ ኮርሱ ሲያልቅ መጽሐፉ ወደ መደርደሪያው መመለስ አለበት። አንድ የሠራሁበት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ግን ኮርሱ ተሰርዞ፣ መምህሩም ለቆ፣ መጻሕፍቱ ከባንኮኒው ጀርባ ዓመታት ተቀምጠዋል። ማንም አይጠይቃቸው፣ ማንም አያወጣቸው። ስለዚህ ባንኮኒው ጋ ስትደርሱ ዝርዝሩ የየትኛው ሴሚስተር እንደሆነ ጠይቁ። የአምና ካሏችሁ፣ ያ ሰውዬ ልክ ነው።