ሜንቴነር ሲለቅ፦ ደጋግሜ የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ለ11 ዓመት በበጎ ፈቃድ ይዤው ከቆየሁት የኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክት ባለፈው ዓመት ለቀቅኩ። ፕሮጀክቱ ትንሽ ነው፤ ቀንና ሰዓትን ከአንድ አጻጻፍ ወደ ሌላ የሚቀይር ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች ወስደው የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ። ትንሽ ይሁን እንጂ ብዙ ፕሮግራሞች እሱ ላይ ተደግፈው ይሠራሉ። መልቀቄን ካሳወቅኩ ጀምሮ ያው ጥያቄና ያው ወቀሳ ይመላለስብኛል። ከማያውቁ ሰዎች ብቻ ቢሆን ባለፍኩት ነበር። ግን ኮድ ሲጽፉ ከሚውሉ ሰዎችም ነው የምሰማው። ሰልችቶኛል። አንድ በአንድ ልመልሰው።

ነገሩን በቅርብ ለማያውቅ አንባቢ፦ ሜንቴነር የሚባለው ፕሮጀክቱን የሚጠብቀው ሰው ነው። ሌሎች የላኩትን ኮድ ያያል፣ ይቀበላል ወይም ይመልሳል። ስህተት ያርማል፣ አዲስ ቨርዥን ያወጣል። አብዛኛው ይህን የሚሠራው ከሥራ መልስ፣ ያለ ክፍያ ነው።

«ተጣልቶ ነው የወጣው»

የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን አስቀየመሽ?» ነው። ማንም አላስቀየመኝም። ሰው ሥራ ይቀይራል፣ ይወልዳል፣ ወላጁን ያስታምማል፣ ወይም ልቡ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል። የእኔ ምክንያት ቀላል ነበር። ላይብረሪውን በራሴ ሥራ ላይ መጠቀም ካቆምኩ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ሰዎች ችግራቸውን ሲጽፉልኝ ቃላቱን አነባለሁ፤ ያሉበት ሁኔታ ግን አይታየኝም። እንዲህ ሆኖ ለሌላው መወሰን ትክክል አይደለም።

ጠብ የለም ማለቴ አይደለም። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ፈጣሪ ጊዶ ቫን ሮሰም በሐምሌ 2018 እንደ ፈረንጆቹ ከመሪነት የወረደው በአንድ የቋንቋው ለውጥ ላይ ከረር ያለ ክርክር ከተካሄደ በኋላ ነው። መድከሙንም በግልጽ ተናግሯል። ግን ጥሎ አልሄደም። የተወው የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጥበትን፣ «የዕድሜ ልክ ቸር አምባገነን» የሚባለውን ማዕረግ ነው። በቀጣዩ ዓመት ፕሮጀክቱን እንዲመራ በተቋቋመው ምክር ቤት ውስጥ ከአምስቱ የመጀመሪያ ተመራጮች አንዱ ራሱ ነበር።

«መስራቹ ከሄደ ፕሮጀክቱ አለቀለት»

ፓይተን አላለቀለትም። ቪም የተባለውን የጽሑፍ ኤዲተር ብራም ሞለናር ከ1991 ጀምሮ በነሐሴ 2023 እስካረፈበት ቀን ድረስ መርቶታል። አብረውት ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ተረክበው በጥር 2024 ቨርዥን 9.1ን አወጡ። ለእሱም መታሰቢያ አደረጉት። ፕሮጀክትን የሚገድለው የመስራቹ መሄድ ሳይሆን ከእሱ ሌላ የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው።

«ኮዱ የሱ ነው፣ ይዞት ይሄዳል»

አይችልም። በኦፕን ሶርስ ፈቃድ አንዴ የወጣ ኮድ የደረሰው ሰው ሁሉ ይዞት ይቀራል። በ2016 አንድ ፕሮግራመር ሌፍት-ፓድ የተባለች 11 መስመር የምታህል ፓኬጁን (ለሌሎች የተዘጋጀች የኮድ ጥቅል) ኤንፒኤም ከተባለው የፓኬጆች ማከፋፈያ ላይ ሲያነሳ የብዙዎች ሥራ ቆመ። በሰዓታት ውስጥ ግን ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ሌሎች የሚደገፉበትን ፓኬጅ እንደፈለጉ ማጥፋት የሚከለክል ደንብ ወጣ።

«አርካይቭ ማድረግ መግደል ነው»

አርካይቭ የተደረገ፣ ማለትም ለንባብ ብቻ የተተወ ሪፖዚተሪ (የፕሮጀክቱ ኮድ ማስቀመጫ) ይነበባል፣ ይወርዳል፣ ፎርክ ይደረጋል፤ ሌላ ሰው ቅጂውን ወስዶ በራሱ ይቀጥላል። የማይቻለው አዲስ ነገር መጨመር ብቻ ነው። እሱንም ባለቤቱ ሲፈልግ መልሶ ይከፍተዋል።

«ግዴታ አለበት፣ መልቀቅ አይችልም»

መልቀቄን ባሳወቅኩ በሳምንቱ ከአንድ ድርጅት ኢሜይል ደረሰኝ። «እስከ ዓርብ ይህን ስህተት ካላረማችሁልን ሥራችን ይስተጓጎላል» ይላል። በ11 ዓመት ውስጥ ከዚያ ድርጅት አንድ መስመር ኮድ፣ አንድ ሳንቲም፣ አንድ የምስጋና ቃል ደርሶን አያውቅም። የፕሮጀክቱን ፈቃድ እንዲያነቡ ጻፍኩላቸው። ኤምአይቲ ይሁን አፓቺ ወይም ጂፒኤል፣ ሁሉም አንድ ነገር ይላሉ፦ ሶፍትዌሩ እንዳለ ነው የሚሰጠው፣ ዋስትና የለውም።

በሕግ ግዴታ የለብንም ስል ግን ምንም ዕዳ የለብንም ማለቴ አይደለም። ዕዳችን መናገር ነው። ጥፋቱ ድምፅን አጥፍቶ መጥፋት ነው። ሰዎች መልስ ሲጠብቁ ስድስት ወር፣ አንድ ዓመት ይቀመጣሉ። በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራው የሊነክስ ስርዓት ደቢያን ውስጥ ይህ በወግ የተሠራ ነገር ነው። ፓኬጁን መያዝ ያቆመ ሰው በይፋ ያሳውቃል፣ ፓኬጁም «ወላጅ አልባ» ተብሎ ይመዘገባል። ማንም ሰው አይቶ ፓኬጁ ጠባቂ እንደሌለው ያውቃል። ድምፃቸው የጠፋ አባላትን የሚያፈላልግ ቡድንም አላቸው። መልቀቅ እዚያ ነውር አይደለም። ሳይናገሩ መቅረት ነው ችግር የሚፈጥረው።

«በነፃ የሚሠራ ሥራ ምን ይከብዳል?»

በሚያዝያ 2014 ሃርትብሊድ የተባለው የደህንነት ቀዳዳ ሲገኝ፣ የኢንተርኔቱን ሰፊ ክፍል የሚያመሰጥረው ኦፕንኤስኤስኤል ሙሉ ጊዜውን የሚሠራለት አንድ ሰው ብቻ ነበረው። በዓመት የሚያገኘው ልገሳ ወደ 2,000 ዶላር ነበር። ከዚህ በላይ ምን ልበል።

«ኮዱ ክፍት ነው፣ አንዱ ይረከበዋል»

እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። ይህን የሚሉት ደግሞ ብዙ ጊዜ ቅን ሰዎች ናቸው። ሊያጽናኑኝ ነው የሚሉት። ነገር ግን «አንዱ» ማን ነው? «ይረከበዋል»ስ ምኑን?

ከምኑ ልጀምር። ለመልቀቅ ስወስን አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ በእጄ ብቻ ያለውን ነገር መዘርዘር ጀመርኩ። አምስት፣ ቢበዛ ስድስት ነገር ይሆናል ብዬ ነበር። 23 ሆነ። አንዱም ኮድ አልነበረም። አዲስ ቨርዥን የሚወጣበት አካውንት በስሜ ነው፤ ለመግባት የሚጠየቀው የማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በእኔ ስልክ ነው። ቨርዥኑ የእኛ መሆኑን ለማረጋገጥ የሚፈረምበት ዲጂታል ቁልፍ ያለው ባትሪው ባለቀ አሮጌ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ዶሜይኑ (የድረ ገጹ አድራሻ) የተመዘገበው ከስድስት ዓመት በፊት በለቀቀ ሰው ኢሜይል ነው። የሙከራ ሰርቨሩ ክፍያ በየወሩ ከእኔ ካርድ ላይ ነው የሚቆረጠው። «የደህንነት ችግር ካገኛችሁ በዚህ ጻፉልን» የሚለው አድራሻ ደግሞ የሚያደርሰው እኔ ጋ ብቻ ነው። ይህ የመጨረሻው እንቅልፍ ነሳኝ። ሁለት ሳምንት ታምሜ ብተኛ፣ አንድ ሰው ከባድ ቀዳዳ አግኝቶ ቢጽፍ፣ ደብዳቤው ሳይነበብ ይከርማል። «ጻፉልን» ውስጥ ያለው «ልን» ራሱ ውሸት ነበር፤ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቀጥሎ የማይዘረዘረው አለ። ላይብረሪው ውስጥ ለሚያየው ሁሉ ትርፍ የምትመስል አራት መስመር አለች። ሦስት የተለያዩ ሰዎች በተለያየ ጊዜ «ይህች አታስፈልግም» ብለው እንድትጠፋ ፑል ሪኩዌስት (የኮድ ለውጥ ጥያቄ) ልከዋል። ሦስቱንም መለስኩ። በዓመት አንድ ቀን ሰዓት ወደ ኋላ በሚመለስባቸው አገሮች፣ በዚያች ሌሊት አንዷ ሰዓት ሁለት ጊዜ ትመጣለች። እነዚያ አራት መስመሮች «የትኛዋ ናት?» የሚለውን ይወስናሉ። ቢጠፉ ኮዱን የሚፈትሹት ሙከራዎች በሙሉ ያልፋሉ፤ ፕሮግራሙ በዓመት 364 ቀን በትክክል ይሠራል። በአንዷ ሌሊት ግን የሰው ቀጠሮ በአንድ ሰዓት ይዛነፋል። ይህ የትም አልተጻፈም ነበር። እኔ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ምክንያቱ ግን ተዘግቶ ቆይቷል። ከመልቀቄ በፊት ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ የምኮራበት ለዚያች አራት መስመር የጻፍኩት ማብራሪያና ሙከራ ነው።

አሁን ወደ «አንዱ» ልምጣ። በ2018 ኢቨንት-ስትሪም የተባለ ላይብረሪ ሜንቴነሩ ራሱ የማይጠቀምበት ሆኖ ነበር። አንድ የማያውቀው ሰው በኢሜይል «ልያዝልህ?» አለው። ሰጠው። አዲሱ ሰው የተደበቀ ኮድ ያለበት ሌላ ፓኬጅ አስገባበት። ዓላማው ኮፔይ ከተባለ የቢትኮይን ቦርሳ መተግበሪያ ገንዘብ መስረቅ ነበር። በሳምንት ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ የሚወርድ ላይብረሪ ነበር። «አንዱ» ተረከበው።

የኤክስዜድ ዩቲልስ ታሪክ ከዚህም ይብሳል። ፋይል የሚያጭቅ፣ በአብዛኛው ሊነክስ ላይ ያለ መሣሪያ ነው። ለዓመታት የያዘው አንድ ሰው ነበር። ከ2021 ጀምሮ «ጂያ ታን» የሚል ስም የያዘ ሰው ጥሩ ጥሩ ሥራ እየላከ ተጠጋው። በ2022 ሌሎች ስሞች እየመጡ «ለምን ይዘገያል? ሌላ ሰው አስገባ» እያሉ ይነዘንዙት ጀመር። ሰውዬው ሥራው ያለ ክፍያ የሚሠራው እንደሆነና የአእምሮ ጤናውም እንዳስቸገረው በግልጽ ነግሯቸዋል። በመጨረሻ ለዚያ ታታሪ ረዳት ሥልጣን ሰጠው። በ2024 መጀመሪያ የወጡት 5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች ውስጥ የኋላ በር፣ ማለትም በስውር ወደ ኮምፒውተር መግቢያ፣ ተቀብሮ ተገኘ። አደገኛነቱ ከ10፣ 10 ተሰጠው። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ ሰርቨር ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አላምር ብሎት ባይመረምረው ኖሮ በየቦታው ይሰራጭ ነበር። መጋቢት 29 ቀን 2024 እንደ ፈረንጆቹ ይፋ አደረገው።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ቶሎ የሚወቅሱት የደከመውን ሰው ነው። በጣም ያናድደኛል። ለዓመታት ብቻውን ሲሸከም «ላግዝህ» ያለው ማን ነበር? ሊያታልለው የመጣው ሰው ነው።

ስለዚህ ለመልቀቅ የምታስቡ ካላችሁ፣ እባካችሁ ስሙኝ። ሳትደክሙ ጀምሩ። የደከመ ሰው ለመጀመሪያው «እኔ ልያዘው» ባይ ነው የሚሰጠው። በእጃችሁ ብቻ ያለውን ነገር ዛሬ ጻፉት፤ ባትለቁም ጻፉት። ተተኪ ስትፈልጉ ብዙ ኮድ የሚልከውን ብቻ አትዩ። የሌሎችን ጥያቄ በትዕግሥት የሚመልሰውን ሰው እዩ። ሥልጣኑን በደረጃ ስጡ፦ መጀመሪያ የሌሎችን ኮድ መገምገም፣ ቀጥሎ ማስገባት፣ ቨርዥን ማውጣት በመጨረሻ። ለአንድ ሰው አትስጡ፣ ቢያንስ ለሁለት። ሰው ካልተገኘም ያለ ኀፍረት «ፕሮጀክቱ ሜንቴነር የለውም» ብላችሁ ጻፉና አርካይቭ አድርጉት። ለማይታወቅ እጅ ከመስጠት ይሻላል።

እኔ የጠየቅኩት ልጅ ለሁለት ዓመት የአዲስ ተጠቃሚዎችን ጥያቄ ሲመልስ የማውቀው ነው። መጀመሪያ እምቢ አለኝ። «ብቻዬን አልይዘውም፣ ያንቺን ኑሮ አይቻለሁ» አለ። ልክ ነበር። ሁለተኛ ሰው እስክናገኝ አምስት ወር ፈጀ።

«ከወጣም በኋላ ዳር ሆኖ ማየት አለበት»

እኔም እንዲህ አስብ ነበር። ዳር ሆኖ የሚያይ ሰው ግን ዝም አይልም። የቀድሞዋ ሜንቴነር አንድ አስተያየት ስትጽፍ ክርክሩ እዚያው ያልቃል፤ አዲሱ ሰው መወሰን አይለምድም። ለሦስት ወር ሲጠይቁኝ ብቻ ልመልስ ተስማማን። ከዚያ ፈቃዶቼን በሙሉ ራሴ ሰረዝኩ። ማንም የማይጠቀምበት ግን ሥልጣን ያለው አካውንት ለሌባ የተተወ በር ነው።

የመጀመሪያውን ቨርዥን ያለእኔ ሲያወጡ ዜናው እንደማንኛውም ተጠቃሚ በኢሜይል ደረሰኝ። የለውጦቹን ዝርዝር ከፈትኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ፣ እኔ በጻፍኩት የርክክብ ማስታወሻ ውስጥ የነበረች አንዲት የተሳሳተች ትእዛዝ መታረሟ ተጽፏል። እርማቱን ገብቼ አየሁት። ትክክል ነው።