ጅማና ቅሪተ አካል፦ ከአጥንት ይልቅ ቅጠል

ቅሪተ አካል ሲባል የሁላችንም ሐሳብ ቀጥታ አፋር ይሄዳል። ሉሲ፣ ሰላም፣ አርዲ። ጅማ ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር በቀላሉ አይገኝም። አፈሩ ቀይና አሲዳማ ነው፣ ዝናቡም ብዙ ነው፤ አጥንት ቢቀበር ወደ ድንጋይ ሳይለወጥ ሟሙቶ ያልቃል። ከአፈሩ ስር ያለው ደግሞ በአብዛኛው እሳተ ገሞራ የተፋው ባዛልት ነው።

ታዲያ ባዶ ነው ማለት ነው? በፍጹም። ላቫው ያለ ፋታ አልፈሰሰም። በአንዱና በሚቀጥለው መሃል ረጅም ዘመን ያልፋል፣ ዝቅ ያለው ቦታ ሐይቅና ረግረግ ይሆናል፣ ዙሪያው ጫካ ይበቅላል፣ የረገፈው ቅጠልና የወደቀው ግንድ አየር በማይደርስበት ጭቃ ውስጥ ይከማቻል፣ ደለል ይጫነዋል፣ በመጨረሻም አዲስ ላቫ መጥቶ ከላይ ይከድነዋል። በጅማ ዞን ደልቢና ሞዬ ያለው የድንጋይ ከሰል እንዲህ የተፈጠረ ነው። ሰው የሚያየው ማገዶውን ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን የጅማ ትልቁ ቅሪተ አካል ራሱ ከሰሉ ነው። አብሮት የሚገኘው ኦይል ሼል (ሲሞቅ ዘይት የሚወጣው ስስ ንብርብር ድንጋይ) ደግሞ እዚያ የተኛ ሐይቅ እንደነበረ ይናገራል።

ቅጠል ለማየት ግን ጥቁሩን ከሰል ሳይሆን በመሃሉ የገባውን ስስ የሸክላ ድንጋይ መመልከት ይሻላል። እንዲህ ያለ ድንጋይ በንብርብሩ ሲሰነጠቅ የቅጠል ቅርጽ ከነጅማቱ ታትሞ ሊወጣ ይችላል። በዓይን የማይታየው የአበባ ብናኝም በማይክሮስኮፕ ሲታይ የትኞቹ ዛፎች እንደነበሩ ይጠቁማል።

አጥንትም ቢሆን ተስፋ አይቆረጥበትም። ከጎንደር በስተምዕራብ ጭልጋ ላይ፣ ከሰል ባለበት ተመሳሳይ ደለል ውስጥ፣ የ27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የዝሆን ዘመዶችና አርሲኖይቴሪየም የሚባል ባለ ሁለት ቀንድ ግዙፍ እንስሳ ተገኝተዋል።

ደግሞ ግቤን አትርሱ። የጅማን ውሃ ይዞ ይወርድና ኦሞ ይሆናል። ታችኛው ኦሞ ላይ፣ ደረቁ ቆላ ውስጥ፣ በአውሮፓውያኑ 1967 ኪቢሽ ላይ የተገኘው የሰው ቅሪት በ2022 በወጣ ጥናት ቢያንስ 233,000 ዓመት እንደሚሆነው ተገምቷል።

ጉድጓድ ስትቆፍሩ ወይም መንገድ ሲቆረጥ የተለየ ነገር ካያችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቦታውን መዝግቡ፣ እዚያው ተዉት፣ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር ክልክል ነው። ከቦታው የተነቀለ ቅሪት ደግሞ ለተመራማሪ ግማሽ ዋጋውን አጥቷል፤ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ካልታወቀ ዕድሜውን ማወቅ ከባድ ነው።