ምክንያታዊ እና ምክንያተኛ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ምክንያታዊ አስተሳሰብ ማንበብ የሚጀምር ሰው አስቀድሞ ሁለት ቃላትን ቢለይ ደስ ይለኛል። ምክንያተኛ የፈለገውን ወስኖ ሰበብ ይፈልግለታል፤ ምክንያታዊ ግን ከመወሰኑ በፊት ይመረምራል። ብዙው ስህተት የሚመጣው ሁለቱን ከማምታታት ነው።

«ማስረጃ ካገኘሁ ልክ ነኝ»

እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ዌሰን በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ 2፣ 4፣ 6 የሚሉትን ቁጥሮች ሰጥተው «ደንቡን ድረሱበት» አሉ። ብዙዎች «በሁለት የሚጨምር ነው» ብለው ገመቱና 8፣ 10፣ 12ን የመሰለ ሞከሩ። «ልክ ነው» ሲባሉ እርግጠኛ ሆኑ። ደንቡ ግን እየጨመሩ የሚሄዱ ማናቸውም ሦስት ቁጥሮች ነበር። 1፣ 2፣ 3 ብሎ የጠየቀ ግምቱ ሲፈርስ ያያል።

«ምክንያታዊ ሰው ስሜት የለውም»

የነርቭ ሐኪሙ አንቶኒዮ ዳማሲዮ የጻፉለት አንድ ታካሚ፣ ከአንጎሉ የፊት ክፍል ዕጢ ከወጣለት በኋላ የማሰብ ፈተናዎችን በደንብ ቢያልፍም ስሜቱ ደበዘዘ። ቀላል ውሳኔ እንኳ አቃተው፤ ሥራውንም ትዳሩንም አጣ።

«የተማረ ሰው አይሳሳትም»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሰው ጤና ያለበት ጉዳይ ነውና። በ1978 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ሆስፒታሎች 60 ሐኪሞችንና ተማሪዎችን ጠየቀ። ከ1,000 ሰው አንዱን የሚይዝ በሽታ አለ፤ ምርመራው ከጤነኞች 5 በመቶውን በስህተት «ታማሚ» ይላል። ስለ ሕመሙ ምልክት ምንም የማናውቅለት ሰው «አለብህ» ቢባል፣ በእርግጥ የመታመም ዕድሉ ስንት ነው?

ግማሽ ያህሉ 95 በመቶ አሉ። በትክክል የመለሱት 11 ብቻ ነበሩ።

እስቲ ሰው በሰው እንቁጠረው። ከ1,000 ሰዎች አንዱ ታማሚ ነው፤ ምርመራው አያመልጠውም እንበል። ከቀሩት 999 ጤነኞች ደግሞ 50 ያህሉ በስህተት «አለባችሁ» ይባላሉ። ስለዚህ ከ51ዱ የታመመው አንድ፣ ማለትም 2 በመቶ ገደማ ነው። ሐኪሙ ምርመራውን ያዘዘው ምልክት አይቶ ከሆነ ዕድሉ ከፍ ስለሚል፣ ውጤቱን ንቆ መተው ማለት አይደለም። ነገር ግን በመቶኛ ሲነገር የተሰወረው፣ ሰው ሲቆጠር ይታያል። እኔ ለጀማሪ ከሁሉ በፊት የማሳየው ይህን ቆጠራ ነው።

«ሐሳብ መቀየር ወላዋይነት ነው»

ወላዋይ ምንም አዲስ ነገር ሳያይ ይገለባበጣል። በማስረጃ የቀየረ ሰው ግን ምን አይቶ እንደቀየረ ሊያስረዳ ይችላል። አሁን 95 ገምቶ፣ ከቆጠረ በኋላ 2 ያለ አንባቢ ወላዋይ የሚለው ሰው ያለ አይመስለኝም።