ካሊብሬሽን ምንድን ነው? ጥገና እንዳይመስላችሁ

«ሚዛኑ ተበላሽቶ ነበር፤ ካሊብሬሽን ተደረገለትና ዳነ።» ይህን የመሰለ ዓረፍተ ነገር ሰሞኑን እንደገና አነበብኩ። ስንተኛዬ እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። ሁለት የተለያዩ ሥራዎች በአንድ ቃል ተጨፍልቀዋል፤ የሚጎዳውም የመሣሪያው መዝገብ ነው።

ካሊብሬሽን ማለት መሣሪያው የሚያሳየውን ቁጥር ልኩ ከታወቀ ማመሳከሪያ ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን መመዝገብ ነው። በቃ። ማስተካከል ሌላ ሥራ ነው፤ መጠገን ደግሞ ሦስተኛ። ዓለም አቀፉ የሥነ ልክ መዝገበ ቃላት እንኳ ካሊብሬሽን ከማስተካከል ጋር እንዳይምታታ በማስታወሻ ያስጠነቅቃል።

የእጅ ሰዓታችሁን ከራዲዮ የሰዓት ምልክት ጋር ስታስተያዩ አምስት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቶ አገኛችሁት እንበል። ይህንኑ ስትጽፉ ካሊብሬሽኑ አለቀ። መዘውሩን ሳትነኩ አምስት እየደመራችሁ ብታነቡት ሰዓቱ በደንብ ያገለግላችኋል። ምንም ሳይጽፍ መዘውሩን አዙሮ «ተስተካክሏል» የሚል ሰው ግን ትናንት በዚያ ሰዓት ተመርቶ ባቡር ላመለጠው መንገደኛ ምን ብሎ ይመልሳል?

አንድ አስተያየት ሰጪ «ዋናው ነገር ማሽኑ አሁን በትክክል መሥራቱ ነው» ብሎ ሞግቶኛል። ለዛሬው ሥራ እውነቱን ነው። የሆስፒታል ዕቃ በእንፋሎት የሚያመክነውን አውቶክሌቭ እንውሰድ። መለኪያው 121 ዲግሪ እያለ እውነተኛው ሙቀት 118 ሆኖ ቢገኝስ? በተለመደው የማምከን ስሌት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ለተመሳሳይ ውጤት ዐሥር እጥፍ ጊዜ ያስፈልጋል፤ በ3 ዲግሪ ሲቀንስ ደግሞ እጥፍ ገደማ። ስለዚህ 15 ደቂቃ የቆየው ዕቃ ያገኘው የሰባት ደቂቃ ተኩል ያህል ብቻ ነው። ካለፈው ካሊብሬሽን ወዲህ ከዚያ ማሽን የወጣው ሁሉ መጠየቅ አለበት። ይህን የሚነግረን ከማስተካከሉ በፊት የተነበበው ቁጥር ነው። ቴክኒሻኑ መጀመሪያ አስተካክሎ ኋላ ከለካ ያ ቁጥር ከየትም አይመጣም። «ካሊብሬሽን ተደርጓል» የሚል ቃልና ፊርማ ብቻ የያዘ መዝገብ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው።

ራዲዮውስ ሰዓቱን ከየት አገኘው? ከአቶሚክ ሰዓት። ከ1967 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ሰከንድ የምትተረጎመው በሲዝየም አቶም 9,192,631,770 ንዝረት ነው። እያንዳንዱ ማመሳከሪያ ከእሱ በላይ ካለው ጋር የተያያዘ መሆን አለበት፤ የማመሳከሪያው የምስክር ወረቀት ቁጥር በመዝገቡ ላይ የሚጻፈውም ስለዚህ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች ሰዓታቸውን እርስ በርስ ብቻ ቢያመሳክሩ ተስማምተው ሊያረፍዱ ይችላሉ።

የሰዓቱ ምሳሌ ግን አንድ ቦታ ላይ ያነክሳል። አምስት ደቂቃ የዘገየ ሰዓት ጠዋትም ከሰዓትም አምስት ደቂቃ የዘገየ ሊሆን ይችላል። በ10 ግራም ልክ የሆነ ሚዛን ግን በ200 ግራም ሊዋሽ ይችላል፤ ስለዚህ የተፈተሸባቸው ነጥቦች ይጻፉ፤ የክፍሉ ሙቀትም እንዲሁ። ማመሳከሪያው ራሱ የሚሳሳትበት ወሰንም አብሮ ይመዝገብ፤ የደቂቃ ቆጣሪ ብቻ ባለው ሰዓት የሩጫ ሰዓት አይፈተሽም።

ማሽኑ ላይ የሚለጠፈው ወረቀትም የቀጣዩን ፍተሻ ቀን ይናገራል እንጂ እስከዚያ ድረስ ማሽኑ እንደማይሳሳት ዋስትና አይሰጥም። ነገ ከጠረጴዛ ላይ ቢወድቅ ወረቀቱ አብሮት ወድቆ፣ ቀኑ እንዳለ ይነሣል።

የቆየ መሣሪያ መዝገብ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማየው «ከማስተካከል በፊት» የሚለውን ዓምድ ነው። ለስድስት ዓመት ልዩነቱ ሁሉ ዜሮ ከሆነ፣ ማሽኑን ከመክፈቴ በፊት መዝገቡን የሞላውን ሰው ፈልጌ አነጋግራለሁ።