ማነቆ ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጅማ አንድ ስብሰባ ላይ «የተለዩ 12 ማነቆዎች» የሚል ሪፖርት ሲነበብ ሰማሁ። የወንበር እጥረት፣ የኢንተርኔት መቆራረጥ፣ የተገልጋይ ግንዛቤ ማነስ፣ የአመለካከት ችግር... የሻይ ሰዓት ደርሶ እንኳ ዝርዝሩ አላለቀም። እነዚህ ችግሮች ናቸው፤ አንዳንዶቹም ከባድ ናቸው። ማነቆ ግን አይደሉም። አንገት አንድ ነው፤ 12 ቦታ አይታነቅም።

በሥራ ሂደት ጥናት ማነቆ የሚባለው አቅሙ ከሚመጣበት ሥራ ጋር ሲነጻጸር ከሁሉም የሚያንሰው፣ በዚህም የመላውን ሂደት ውጤት የሚወስነው እርከን ነው። የፈቃድ እድሳት ፋይል እንውሰድ። ሰነድ ተቀባዩ በቀን 60፣ ባለሙያው 40፣ የሚፈርመው ኃላፊ 25 ፋይል ይጨርሳሉ እንበል። ቢሮው በቀን የሚያስወጣው 25 ነው። ባለሙያው አዲስ ኮምፒውተር ተሰጥቶት 80 ቢያደርስም ያው 25 ነው፤ የሚያድገው ኃላፊው ፊት ያለው ክምር ብቻ ነው። ክምሩ 100 ከደረሰ፣ ለ25 ሲካፈል፣ ዛሬ የገባ ፋይል አራት ቀን ይጠብቃል። ይህን ስሌት አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 በሒሳብ አረጋግጦታል። (የሚሠራው ግን በረጅም ጊዜ አማካይ ገቢና ወጪው ለተመጣጠነ ሂደት ነው፤ ክምሩ በየቀኑ ለሚያብጥበት ቢሮ መልሱ ያሞኛል።)

ለጅማ ሰው በቡና ብናገር ይሻላል። አንድ የማጠቢያ ጣቢያ ባለቤት ትልቅ መፈልፈያ ማሽን ገዛ እንበል። እሸት ቡናው ከጎማና ከማና ወረዳዎች በመኪና ይገባል፣ ይፈለፈላል፣ በገንዳ ይብላላል፣ ይታጠባል። ከዚያ ማድረቂያ አልጋው ላይ ከሳምንት በላይ ይተኛል፤ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ እስኪወርድ ማንም አያስነሳውም። አልጋው ሞልቶ ከሆነ አዲሱ ማሽን ያፋጠነው ቡና ገንዳ ውስጥ ከልክ በላይ ይብላላና ሽታው ይለወጣል። አልጋ መጨመር አንድ መፍትሔ ነው። ከዚያ በፊት ግን ውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን ፍሬ አስቀድሞ መለየት ይረክሳል፤ የማይረባ ፍሬ አልጋ አይያዝ። ቢሮም እንዲሁ ነው፦ ደረሰኝ የጎደለው ፋይል ኃላፊው ጠረጴዛ ደርሶ ከተመለሰ፣ የባከነው የእርሱ ሰዓት የመላው ቢሮ ሰዓት ነው። ምሳሌው ከዚህ በላይ አይሄድም፤ ቡና ወረፋ የሚያስዘልል ዘመድ የለውም።

ይህን ስናገር «ታዲያ ተቀባዩ ግማሽ ቀን ሥራ ፈቶ ይቀመጥ?» ብሎ የተቆጣኝ ሰው ነበር። አዎ፣ ይቀመጥ። ካልሆነም ሰነዱ መሟላቱን ይፈትሽ። ሁሉም ሲሯሯጥ የሚውልበት ቢሮ ፈጣን ቢሮ ማለት አይደለም። የሚፈርመውን ኃላፊ እንኳ ትርፍ ደቂቃ እስኪያጣ ከጫኑት፣ አንድ ቀን ቢታመም የተከመረው መቼም አይወርድም።

ደግሞም ክምር የታየበት ሁሉ የአቅም ማነስ አለበት ማለት አይደለም። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት፣ ከኃላፊው ወንበር ጀርባ ሁለት የፕላስቲክ ሳጥን ሙሉ ፋይል ነበር። ሁለተኛ ፈራሚ እንዲመደብ ተጠይቆ ነበር። ሰዓት ይዤ ስለካ አንዱን ፋይል አይቶ ለመፈረም ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የሚፈርመው ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ነበር። ለምን ብዬ ብጠይቀው «ከበፊትም እንዲህ ነው» አለኝ። ሁለተኛ ፈራሚ ቢመጣ ኖሮ ሁለቱም አብረው ማክሰኞን ይጠብቁ ነበር።

ጠዋት ጠዋት እንዲፈርም ተስማማን፤ ሳጥኖቹ ባዶ ሆኑ። ክምሩ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወረ፤ የሚጠበቅ ነው፣ አንዱ ማነቆ ሲፈታ ተራው ለሚቀጥለው ደካማ እርከን ይደርሳል። በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ መዝገብ ቤቱ «አዲስ የተከሰተ ማነቆ» ተብሎ ሰፍሮ አየሁት። የፊርማውንም ከዝርዝሩ አልሰረዙትም።