«ሙሉ ኢንሹራንስ ገብቼ ነበር»፦ በውጭ አገር መኪና ሲከራዩ የሚደገሙ ስህተቶች

ውጭ አገር እየኖረ መኪና ተከራይቶ ከመለሰ ከሦስት ሳምንት በኋላ ካርዱ ላይ አዲስ ሂሳብ ያየ ሰው የሚለው ሁሌም አንድ ነው፦ «እኔኮ ሙሉ ኢንሹራንስ ገብቼ ነበር!» አልገባም። እዚህ ላይ በደንብ እንቆይ፤ ሌላው ይደርሳል።

«ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ፤ ቢጋጭም አይመለከተኝም»

ከኪራዩ ጋር ተካቶ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሲዲደብሊው የሚባለው ነው። ይህ አከራዩ «መኪናዬን ብትጎዱ ከዚህ መጠን በላይ አልጠይቃችሁም» ብሎ የሚገባው ቃል ነው። ያ «መጠን» ኤክሰስ ይባላል። ኤክሰሱ 1,500 ዩሮ ነው እንበል። የ900 ዩሮ ጭረት ቢደርስ 900ውንም የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፤ የ4,000 ጉዳት ቢደርስ 1,500 ትከፍሉና ቀሪው የአከራዩ ይሆናል። ፓርኪንግ ላይ የሚደርስ ጭረት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኤክሰሱ አያልፍም። «ሙሉ» የተባለው ሽፋን የዕለት ተዕለቱን ጉዳት አይነካውም ማለት ነው።

በብዙ ውሎች ጎማና ቸርኬ፣ መስታወትና ስፖኪዮ፣ ጣሪያ፣ የመኪናው የታችኛው ክፍል፣ የጠፋ ቁልፍ፣ ናፍጣ መኪና ላይ የተሞላ ቤንዚን ጭራሽ አይሸፈኑም። እነዚህ ላይ ኤክሰሱ እንኳ ገደብ አይሆንላችሁም። ከጥገናው በተጨማሪ መኪናው ጋራዥ የቆመባቸው ቀናት ኪራይና የጉዳዩ ማስፈጸሚያ ክፍያ ሊጠየቅባችሁ ይችላል።

ሽፋኑ ከነጭራሹ የሚፈርስባቸው ምክንያቶችም አሉ፦ ስሙ ውሉ ላይ ያልሰፈረ ሰው መንዳቱ («ባለቤቴ እኮ ናት» ማለት አያድንም)፣ ጠጥቶ መንዳት፣ ውሉ የከለከለው ኮረኮንች መንገድ ውስጥ መግባት፣ ሳያስፈቅዱ ድንበር መሻገር።

ኤክሰሱን ዜሮ የሚያደርግ ተጨማሪ ሽፋን ካውንተር ላይ በቀን ሂሳብ ይሸጣል፤ የሚሸጥላችሁ ሠራተኛም ብዙ ጊዜ ኮሚሽን አለው። ከሌላ ድርጅት ለብቻው የሚገዛው በአብዛኛው ይረክሳል፣ ግን የሚሠራው በማስመለስ ነው። መጀመሪያ ለአከራዩ ትከፍላላችሁ፤ ከዚያ ውሉን፣ የጉዳት ሪፖርቱን፣ ደረሰኙንና የካርድ መግለጫችሁን አያይዛችሁ ትጠይቃላችሁ። አከራዩ ካርዳችሁ ላይ የሚያግደው የማስያዣ ገንዘብም አይቀርላችሁም።

ውጭ አገር ነዋሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ ግን ይሄ ነው። መኪና የሚታዘዝባቸው ድረ ገጾች «መኖሪያ አገር» ብለው ሲጠይቁ የፓስፖርታችሁን አገር የሚሞሉ ብዙ ናቸው። የተጠየቃችሁት የምትኖሩበትን ነው። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ ለጎብኚ የሚሸጠው ዋጋ ብዙ ጊዜ ሲዲደብሊውንና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስን ያካትታል፤ ለነዋሪው የሚሸጠው ባዶ ኪራይ ሊሆን ይችላል። ነዋሪው ጎብኚ መስሎ ሽፋን ያለውን ዋጋ ከያዘ የአሜሪካ መንጃ ፈቃዱን ሲያወጣ ዋጋው ይቀየራል፤ ካለፈለት ደግሞ አደጋ በደረሰ ቀን ሽፋኑ ላይ ይከራከሩታል። አንዳንድ ክሬዲት ካርዶች ለኪራይ መኪና የሚሰጡት ሽፋንም እንዲሁ ነው፤ አንዳንዱ የሚሠራው ከምትኖሩበት አገር ውጪ ስትከራዩ ብቻ ነው። ብዙዎቹም ሙሉ ኪራዩን በዚያው ካርድ እንድትከፍሉና የካውንተሩን ሽፋን እንዳትወስዱ ይጠይቃሉ።

«ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ስላለኝ ችግር የለም»

ዓለም አቀፉ የዋናው መንጃ ፈቃድ ትርጉም ነው፤ ዋናው ከሌለ ዋጋ የለውም። ነዋሪ ከሆናችሁ ደግሞ ሁለቱም ጊዜ ያልፍባቸዋል። ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ ባሉ አብዛኞቹ መንጃ ፈቃዶች ጀርመን ውስጥ ነዋሪ ከሆኑበት ቀን ጀምሮ 6 ወር፣ ብሪታንያ ውስጥ 12 ወር ብቻ መንዳት ይቻላል። የካውንተሩ ሠራተኛ ሳያስተውል ቁልፉን ሊሰጣችሁ ይችላል። ኢንሹራንሱ ግን ከአደጋው በኋላ የገባችሁበትን ቀን ይቆጥራል።

«ዴቢት ካርድም ያው ነው»

አይደለም። ክሬዲት ካርድ ላይ ማስያዣው የብድር ገደባችሁን ነው የሚይዘው፤ ዴቢት ካርድ ላይ የራሳችሁን ገንዘብ። ሲለቀቅም ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። ካርዱ በዋናው አሽከርካሪ ስም ካልሆነ ብዙዎች መኪናውን አይሰጡም።

«ቀድሜ ብመልስ ይመለስልኛል»

የሳምንት ዋጋ ይዛችሁ በአራተኛው ቀን ብትመልሱ በቀን ዋጋ እንደገና ተሰልቶ ሊበልጥ ይችላል። ቀኑ 24 ሰዓት ነው፤ የሚቆጠረውም ውሉ ላይ ከሰፈረው ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 4 ሰዓት የወሰዳችሁትን በመመለሻው ቀን 6 ሰዓት ላይ ብትመልሱ ተጨማሪ ቀን ሊታሰብባችሁ ይችላል።

«ነዳጁን ቀድሞ መክፈል ይቀላል»

ይቀላል፤ ለአከራዩ። የተረፈው ብዙ ጊዜ አይመለስም። «ሙሉ ወስዶ ሙሉ መመለስ» የሚለውን ምረጡ፤ መመለሻው አካባቢ ባለ ማደያ ሞልታችሁ ደረሰኙን ያዙ።

«የትራፊክ ቅጣቱን ስለከፈልኩ አለቀ»

አከራዩ ስማችሁን ለባለሥልጣኑ ስላስተላለፈ ብቻ ብዙ ጊዜ የራሱን ክፍያ ይወስዳል፤ ቅጣቱ ከዚያ ውጪ ነው። የክፍያ መንገድ ሂሳብ በራሱ የሚቆርጥ መሣሪያ ከመኪናው ጋር ከወሰዳችሁም አንዳንዱ ባልተጠቀማችሁበት ቀን ጭምር ያስከፍላል። የካርድ ማሽኑ «በአገርህ ገንዘብ ልቁረጥ?» ሲል እንቢ በሉት፤ ምንዛሪው ብዙ ጊዜ የከፋ ነው።

«ፎቶ አንስቻለሁ»

ከሩቅ አራት ፎቶ ማንሳት ምንም አያስረዳም። አራቱን ቸርኬ ጎንበስ ብላችሁ አንድ በአንድ አንሱ። የፊት መስታወቱን ከጎን በብርሃን እዩት፤ የጠጠር ምት የሚታየው ያኔ ነው። ጣሪያውን፣ የፓራውልቱን የታችኛ ጠርዝ፣ በመጨረሻም ሞተሩ እየሠራ የነዳጅ ጌጁንና ኪሎሜትሩን በአንድ ፎቶ። መኪናው እርጥብ ከሆነ ጭረት ይደበቃልና በጨርቅ ጥረጉት። ያያችሁት ጭረት ውሉ ላይ ካልተመዘገበ ሠራተኛው ጽፎ ሳይፈርም አትነሱ።

ስትመልሱም ያንኑ ድገሙት። በተለይ ከሥራ ሰዓት ውጪ ቁልፉን ሳጥን ውስጥ የምትጥሉ ከሆነ፣ በብዙ ውሎች ሠራተኛ መጥቶ መኪናውን እስኪያየው ድረስ ኃላፊነቱ ከእናንተ አልወረደም። ሌሊት ሌላ ሰው ቢገጨው ሂሳቡ ለእናንተ ሊመጣ ይችላል። የቆመበትን ቦታ፣ ዙሪያውንና ቁልፉ ሲገባ በአንድ ቪዲዮ ቅረጹ፤ ቅጣት ከወራት በኋላም ስለሚደርስ ቶሎ አታጥፉት።